ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጨለማ

እዚህ አሜሪካ በዓመት አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚባል ሰዓት አይኖርም። ለማርች ሁለተኛ እሑድ አጥቢያ 7 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይልና ቀጥሎ 9 ሰዓት ይሆናል። አብዛኛው ሰው ተኝቶ ያልፈዋል። እኔ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ያቺ የምትዘለለው ሰዓት ደግሞ የእረፍት ሰዓቴ ናት፤ ስለዚህ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ስትጠፋ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ።

ሰዓቱን ሁሉ እንደ አገር ቤት አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ እያደር ይገባችኋል።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቼ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እወጣለሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ክብ የግድግዳ ሰዓት አለ። ስልክ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ እሱ ግን አያስተካክልም። በዚያ ሌሊት ወንበር ላይ ቆሜ አወርደውና ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ዘወር አንድ ዙር አዞራታለሁ። ከአልጋ የማይነሱትን በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እናገላብጣቸዋለን፤ ያገላበጥንበትንም ሰዓት በቅጽ ላይ እንሞላለን። በዚያ ሌሊት የ8 ሰዓቱ መስመር ላይ በእስክሪብቶ አግድም ይሰመርበታል። አልነበረም ማለት ነው።

ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት፣ ብሬኬ ላይ፣ እማዬ ጋ እደውላለሁ። የእኔ 8 ሰዓት አዲስ አበባ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። አስቀድሳ ቤቷ ገብታለች፣ ነጠላዋን አጥፋ አስቀምጣለች፣ ቡናው ቀርቧል፣ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ ታነሣዋለች። ከማርች በኋላ ግን የእኔ 8 ሰዓት የእሷ 3 ሰዓት ይሆናል፤ በ3 ሰዓት እማዬ ገና ቤተ ክርስቲያን ናት። ለእሷ 4 ሰዓት ሲሞላ የእኔ እረፍት አልቋል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እየተሰማኝ፣ ሁለት እጄ ሰው እንደያዘ፣ አላነሣውም። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም። የምትነቃነቀው አሜሪካ ናት፤ ስትነቃነቅ በመካከላችን ያለው ስምንት ሰዓት ሰባት ይሆናል።

አንድ ጊዜ ይህን ላስረዳት ብዬ ጀመርኩ።

«ፀሐይዋስ?» አለችኝ።

«ፀሐይዋ ባለችበት ናት እማዬ። ሰዓቱን ነው የሚያንቀሳቅሱት።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ እንግዲያ ምኑ ተቀየረ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ደስ ያለኝ ቀን

ማርች 15 ቀን 2022፣ ሰዓቱ ከተቀየረ በሁለተኛው ቀን፣ የአሜሪካ ሴኔት «ሰንሻይን ፕሮቴክሽን አክት» የተባለውን ረቂቅ ሕግ አሳለፈ። በፊት ለፊት የሚገፉት የፍሎሪዳው ሴናተር ማርኮ ሩቢዮ ነበሩ። በማርች ወደ ፊት የሚገፋው ሰዓት፣ ዴይላይት ሴቪንግ የምንለው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይጽና፣ በኖቬምበር ወደ ኋላ መመለስ ይቅር ነው የሚለው። ስም እየተጠራ ድምፅ አልተሰጠም፣ ክርክርም አልተደረገም። የሚቃወም አለ ወይ ተባለ፤ ማንም አልተናገረም፤ አለፈ። በምንም የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ቀን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተስማሙ።

በዚያ ሌሊት ሥራ ቦታ የነበረውን ደስታ አስታውሰዋለሁ። የጋና ልጅ አለች፣ ፊሊፒናዊት አለች፣ እኔ አለሁ፤ ሁላችንም ባሕር ማዶ የምንደውልላት እናት አለችን። ከዚህ ሌላ የደመወዝም ነገር አለ። የሥራ ሕጉ ለተሠራው ሰዓት ይከፈል ነው የሚለው፤ ስለዚህ በማርች ሌሊት የሰባት ሰዓት ይከፈለናል፣ በኖቬምበር ሌሊት ደግሞ 7 ሰዓት የሚባለው ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ዘጠኝ ሰዓት እንቆማለን። ዘጠነኛው ሰዓት ላይ እግር ምን እንደሚመስል የቆመ ያውቀዋል።

ለእማዬ ደውዬ «ሰዓቱ ሊረጋ ነው» አልኳት። «ተመስገን» አለች። ዓመቱን ሙሉ ሰባት ሰዓት ልዩነት ከሆነ እሑድን ትተን ሌላ ቀን እንመርጣለን፣ እንለምደዋለን። የምፈልገው አንድ የማይናወጥ ነገር ነበር። እንዴት ይርጋ፣ የት ላይ ይርጋ ብዬ አልጠየቅኩም።

ረቂቁ በኖቬምበር 2023 ሥራ ላይ እንዲውል ነበር የታሰበው። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ ሳያቀርበው የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ፤ ረቂቁም አብሮ ሞተ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር።

መታጠፊያው ላይ

ማርች 13 ቀን 2023፣ ሰኞ ጠዋት። ሰዓቱ የተቀየረው በዋዜማው ነው። እሑድ ቀን እንግዳ ስለነበረ በቅጡ አልተኛሁም፤ ማታ ገባሁ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጣሁ። በሰውነቴ ሰዓት 11 ሰዓት ነበር። የሚያካፋ ዝናብ አለ፤ መጥረጊያው አንድ ጊዜ ይሄድና ያርፋል። የመኪናዬ የግራው መብራት ከቀኙ ደብዘዝ ይል ነበር። በዚያው ሳምንት አስቀየርኩት፤ ከዚያ በፊት ግን አላስቀየርኩትም፣ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደ ሰፈራችን ታጠፍኩ። መታጠፊያው ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ፌርማታ አለ። ልጆች እዚያ እንደሚቆሙ አውቃለሁ፤ ትልቋ ልጄም ከእነሱ አንዷ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አውቃለሁ እላለሁ እንጂ በዚያ ጠዋት ያየሁት ነገር የለም። እርጥብ አስፋልት የመኪናዬን መብራት ይውጠዋል። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ዛፍ፣ ጥቁር ሰማይ። ከዚያ ከፊት ለፊቴ፣ በቁመቴ ግማሽ ላይ፣ አንዲት አጭር ነጭ መስመር በራች። የቦርሳ ማንጠልጠያ ላይ የሚሰፋ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ፣ ጣት የማይሞላ ጥለት።

ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ትንሽ ተንሸራተተና ቆመ።

መስመሯ ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ወደ እግረኛው መንገድ ወጣች። ያኔ ነው ከመስመሯ በላይ ፊት ያየሁት። ልጄ ናት። በመካከላችን የነበረው አንድ አልጋ ቢዘረጋ የሚሞላው ያህል ነው። መስኮቱን ላወርድ ስል ከኋላዬ አውቶቡሱ ቢጫ መብራቱን እያብለጨለጨ መጣና መንገዱን ልቀቅ አለኝ። ለቀቅኩ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ልጆቹ አንድ በአንድ ሲሳፈሩ ጥላቸው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የትኛዋ የእኔ እንደሆነች አልለየኋትም።

መኪናውን አቁሜ ሳልወርድ ተቀመጥኩ። እጄ መሪው ላይ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ሰዓት ቁጥር ይቀይራል። አንድ ሰዓት ሆነ። አሁንም ጨለማ ነው።

አንድ ሰዓት። ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። አንድ ሰዓት ማለት እኮ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሆናት ማለት ነው። የእኛ ቀን ከብርሃን ነው የሚጀምረው። ስቅለት ላይ በ6 ሰዓት ተሰቀለ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ ሲባል ማንም ቀንሶ ደምሮ አይሰማውም፤ የመጽሐፉም የእኛም ቆጠራ ከጎህ ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ በዓመቱ ፀሐይ እጅግ ዘግይታ በምትወጣበት በጥር እንኳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ፀሐይ ያልወጣችበት ቀን የለም። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ ጀርባዬን እየሞቀኝ ነበር። እማዬ ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ትነሣ ነበር፤ እሳት ታነድዳለች፣ ቁርስ ታቀርባለች፤ እኛን ግን ወገግ ሳይል ከበር አታስወጣንም። ‘ሰው ሰውን ሳይለይ ልጅ ከቤት አይወጣም’ ትል ነበር። ያን ጊዜ ጅብ ፈርታ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ አገር ያለሁ እኔ ቁጥሩን ይዤ ብርሃኑን ጥዬዋለሁ። በአፌ አንድ ሰዓት እላለሁ፤ በመስኮት ሌሊት ነው።

ባትሪ ይቆጥሩ የነበሩት ሴት

ለማንም አልነገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ልጄም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምንም አላለች፤ እኔም አላነሣሁም።

በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት፣ ከዘጠና ዓመት በላይ የሆናቸውን አንድ ሴት ጎናቸውን ሳገላብጥ እጄን ያዝ አደረጉና «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። እንቅልፍ የላቸውም፤ ሌሊት ከእኔ ጋር ነው የሚያነጉት። ነገርኳቸው። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ትራሱን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝና፣ በወጣትነታቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ እንደነበር ነገሩኝ። በ1974 ጃንዋሪም ይነዱ ነበር።

«ልጆቹን አላያቸውም ነበር» አሉኝ። «ባትሪያቸውን ነበር የምቆጥረው። ፌርማታው ላይ ስድስት ልጅ እንዳለኝ አውቃለሁ። አምስት ባትሪ ካየሁ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ስድስተኛው ከአውቶቡሱ ሥር እንዳይሆን።»

እኔ ዴይላይት ሴቪንግን ዓመቱን ሙሉ ማድረግ አዲስ ሐሳብ ይመስለኝ ነበር። ተሞክሯል። ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን ትቼ አነበብኩ። በ1973 ኦክቶበር በእስራኤልና በዓረቦች ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ማዕቀብ ተጣለ፤ አሜሪካ ማደያ ላይ ተሰለፈች። ፕሬዚዳንት ኒክሰን መብራትና ነዳጅ ይቆጥባል የተባለውን ሕግ በዲሴምበር ፈረሙ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 1974 በጥልቁ ብርድ መካከል ሰዓቱ ወደ ፊት ተገፋ። እስከ ኤፕሪል 1975 እንዲቆይ ነበር የታሰበው። በዲሴምበር ከመቶ 79 የሚሆነው ሕዝብ ይደግፈው ነበር። በፌብሩዋሪ ደጋፊው 42 ሆነ። ከሁለት ወር አይበልጥም እኮ። ጠዋት ልጁን በጨለማ የሸኘ ሰው ሐሳቡን ለመለወጥ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ፎርድ ማሻሻያውን ፈረሙ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ሰዓቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው።

አንብቤ ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ጃንዋሪ በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ልጆች ዜና ጎልቶ የመጣው ከፍሎሪዳ ነው። የጊዜው የፍሎሪዳ አገረ ገዢ ሬውቢን አስኪው ኮንግረሱ ሕጉን እንዲሽር ጠየቁ። ዛሬ ደግሞ ይህን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ለማድረግ ከሁሉ በፊት የምትሮጠው ያችው ፍሎሪዳ ናት። በ2018 ቀድማ የራሷን ሕግ ያወጣች እሷ፣ ሩቢዮ የእሷ፣ ከእሳቸው በኋላ ረቂቁን በ2025 እንደገና ያመጡት ሴናተር ሪክ ስኮትም የእሷ። ሃምሳ ዓመት ለሐዘን ረጅም ጊዜ ነው መሰል።

ያው የነዳጅ ውድነት እኛም ጋ ደርሶ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ስለናረ የአዲስ አበባ ታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ የተከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እማዬ ያን ጊዜ ወጣት ነበረች፤ ታክሲ ጠፍቶ በእግሯ ያቋረጠችውን መንገድ ሰፈር በሰፈር ትተርከዋለች። ሴትዮዋ ሜሪላንድ ውስጥ በጨለማ ባትሪ ሲቆጥሩ እማዬ አዲስ አበባ በእግሯ ትሄድ ነበር። ሁለቱንም ያገናኘቻቸው አንዲት በርሜል ናት።

ሴትዮዋ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከጎናቸው ነበርኩ።

የት ላይ ይርጋ?

የሳትኩት ይህንን ነው። «ሰዓት አይቀያየር» ማለትና «የማርቹ ሰዓት ይጽና» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለቱም እማዬን ያሳርፏታል። ሁለተኛው ግን የልጄን ጠዋት ይወስዳል።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነው። ያ ሰኞ፣ ያ የመታጠፊያው ሰኞ፣ ፀሐይ የወጣችው 1 ሰዓት ከ20 አልፎ ነው። ማርች ገብቶ፣ ቀኑ ረዝሞ፣ በሰዓቱ መገፋት ብቻ ወደ ጃንዋሪ ጥልቅ ጨለማ ተመልሰናል። ረቂቁ ሕግ ሆኖ ቢሆን ደግሞ የጃንዋሪው ራሱ 2 ሰዓት ከ27 ይሆናል። የሚኒያፖሊስ ወገኖቻችን 3 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ፀሐይ ያያሉ፤ ሲያትል ልክ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል፤ ዲትሮይት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት! አገር ቤት ረፋድ ነው፤ ልጅ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሷል፣ ገበያተኛ እቃውን ዘርግቷል።

ሕግ ብርሃን አይጨምርም። በዲሴምበር ማገባደጃ እዚህ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በጁን ወደ አሥራ አምስት ይጠጋል። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ሰዓት መግፋት ያላስፈለገን ለዚህ ነው። እዚህ ግን ዘጠኝ ተኩሏን ወደ ማታ ከሳቧት ከጠዋት ነው የምትቆረጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሌላም ምርጫ አለ። በፈረንጆቹ 1966 የወጣው የአሜሪካ የሰዓት ሕግ ግዛቶች ከፈለጉ ሰዓታቸውን ሳይገፉ ዓመቱን ሙሉ በስታንዳርድ ታይም እንዲቆዩ ይፈቅዳል። ሃዋይ እንዲህ ናት፤ አሪዞናም፣ ከናቫሆ ሕዝብ ግዛት በቀር፣ እንዲህ ናት። የተከለከለው በተገፋው ሰዓት መጽናት ነው፤ እሱን ለመፍቀድ ነው ኮንግረስ ሕግ እንዲያወጣ የሚፈለገው። ወደ ሃያ የሚጠጉ ግዛቶች ያንን ፈቃድ እየጠበቁ ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር፣ የአሜሪካ አካዳሚ ኦቭ ስሊፕ ሜዲስን፣ መርጋት ካለበት በስታንዳርዱ ላይ ይርጋ ይላል፤ ሰውነታችን ሰዓቱን የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ስለሆነ። እኔ ይህን ከሐኪም መስማት አላስፈለገኝም። አሥራ አንድ ዓመት በሌሊት የሠራ ሰው ጠዋት ፊቱ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሴናተር ስኮት ረቂቁን እንደ 2022ቱ ያለ ድምፅ ቆጠራ ለማሳለፍ ሞከሩ። በዚህኛው ጊዜ የአርካንሳው ቶም ኮተን ተነሥተው ተቃወሙ፤ ቆመ። ከእኚህ ሴናተር ጋር በብዙ ነገር አልስማማም። በዚያ ቀን ግን አንድ ሰው ስለተናገረ ደስ አለኝ።

ይህን ለባለቤቴ ሳወራ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። እሷ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ትወጣለች። በዲሴምበር መጀመሪያ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ከሥራዋ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚያስኬደው መንገድ መብራቱ ከሦስቱ ምሰሶ በአንዱ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

«አንተ ጠዋት የምታየውን እኔ ማታ አየዋለሁ» አለችኝ። «ቁልፌን በጣቶቼ መሀል ይዤ ነው የምሄደው። ያቺ አንድ ሰዓት ብርሃን ብትጨመርልኝ አልጠላም።»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ማታም እግረኛ በጨለማ ይገጫል፣ ማታም ሴት በጨለማ ትፈራለች። ለእሷ የምሰጠው ብርሃን የለኝም፤ ያለኝን ከልጄ ወስጄ ነው የምሰጣት። ባለቤቴ ብትመርጥ ለማን እንደምትሰጥ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፣ ለዚህ ነው ከዚያ ወዲያ ያልተከራከርነው። ሥራ ከሚያልቅበት ሰዓት ይልቅ ትምህርት የሚጀመርበትን ሰዓት መግፋት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻል ይሆናል። እስካሁን ግን ሴናተሮቹ ሰዓቱን ሲያስቡ አውቶቡሱን ሲያስቡ አልሰማሁም።

ደብዳቤው

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን ሰዓቱ ሲመለስ እንደ ልማዴ ዘጠኝ ሰዓት ቆምኩ። 7 ሰዓት ሁለት ጊዜ አለፈ። እሑድ ጠዋት ለእማዬ በ4 ሰዓቷ ደወልኩላት፤ «መጣህልኝ» አለች፣ ከሩቅ አገር የተመለስኩ ይመስል። ያን ቀን ለተወካያችን ደብዳቤ ልጽፍ ወሰንኩ። በዚህ አገር ለምክር ቤት ሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዓት ይርጋ፣ በፀሐይዋ ላይ ይርጋ ብዬ ጻፍኩ። ስለዚያ ሰኞም ጻፍኩ፤ አንዲት ልጅ፣ አንዲት መስመር፣ አንድ የደከመው ሹፌር። ሹፌሩ እኔ መሆኔን ጽፌአለሁ። ልጅቷ የማን እንደሆነች አልጻፍኩም።

እንግሊዝኛዬን እንድታርምልኝ ለትልቋ ሰጠኋት። አሁን አሥራ አምስት ሊሞላት ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብላ አነበበችው፣ እርሳስ ይዛ። ሁለት ቃል አረመች። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እርሳሱ ቆመ።

«አባዬ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

አንብባ ጨረሰችና ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠችው። እኔም ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ስል የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት። ከእግረኛው መንገድ ለምን ወረድሽ አልኳት። አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ከቦታቸው አልተነቃነቁም ነበር፤ አንቺ ብቻ ለምን መንገድ ውስጥ ገባሽ?

ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህን አለማወቄ ገረማት።

«መኪናህን አውቄው ነዋ። አንደኛው መብራት ደብዛዛ ነበር፣ ከሩቅ ለየሁት። ሰላም ልልህ ነው የወረድኩት። እጄን እያወዛወዝኩልህ ነበር እኮ።»